ዕርቁ አለቀ፤ ወረቀቱስ?

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከጠዋት ጀምሮ በማስማሚያው ክፍል ሲነታረኩ የዋሉት ሁለት ወንድማማቾች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ታናሽየው የታላቁን ጉልበት ሊስም ዝቅ ሲል ታላቁ «ተው፣ ተነሥ፣ ተነሥ» እያለ በትከሻው ደግፎ ያነሣዋል። አሜሪካ ባለችው እኅታቸው ስም የመጣው የአክስታቸው ልጅ መሐረብ ፈልጎ ሲያጣ ዓይኑን በመዳፉ ይጠርጋል። እኔም በጥብቅና ሃያ ዓመት ስኖር ይህን ሰዓት ለምጄው አላውቅም፤ ሆዴ ይባባል። ከዚያ አንዱ ወደ እኔ ዞር ብሎ ያችን ቃል ይናገራል። «በቃ እንግዲህ፣ አንዲት ወረቀት ጫር ጫር ያድርጉልንና እንፈርም።»

አንዲት ወረቀት። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርስም። በሰማኋት ቁጥር ጉልበቴ ይዝላል፤ ምክንያቱም ከዚያች ወረቀት በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ።

የዚያን ቀኗን ወረቀት የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሦስት ዐረፍተ ነገር ነበረች። ከእናታችን በውርስ ያገኘነው ቤት ተሽጦ ገንዘቡን ሦስታችን እኩል እንካፈላለን፤ ቤቱ እስኪሸጥ በመተሳሰብና በመከባበር እንኖራለን፤ ከእንግዲህ አንዳችን በሌላችን ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አይኖረንም። ሁሉም ፈረመ፣ መዝገቡ ተዘጋ፣ ወጥተን ቡና ጠጣን። በዐሥራ አንደኛው ወር እነዚያው ሰዎች አፈጻጸም ችሎት ፊት ተገናኙ። ቤቱን የሚሸጠው ማን ነው? ደላላው ያመጣው ገዢ ስምንት ሚሊዮን ብር ሲል ታላቁ «ከዐሥር በታች አልፈርምም» ብሎ ነበር፤ ወረቀቷ ዋጋ አትል፣ ገማች አትል፣ ሐራጅ አትል። ታናሹ ሰርቪሶቹን አከራይቶ ኪራዩን ለብቻው ሲበላ ከርሟል፤ ሲጠየቅ «በመተሳሰብ ይላል እኮ፤ እኔ ሥራ የለኝም» አለ። የስም ማዛወሪያውን ማን ይክፈል? እናታቸው ታምመው ሳለ እኅትየው ለሕክምና የላከችው ገንዘብ ከሽያጩ ላይ ይቀነስላት ወይስ «ምንም ዓይነት ጥያቄ» የሚለው ቃል ውጦት ቀረ? ዳኛዋ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበቧት። የአፈጻጸም ዳኛ የተጻፈውን ያስፈጽማል እንጂ ያልተጻፈውን አይፈጥርም። «ለመሆኑ የተስማማችሁት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ወንድማማቾቹ እኩል አፋቸውን ከፈቱና ሁለት የተለያየ ነገር ተናገሩ።

አንዳቸውም አልዋሹም። ያን ቀን እየተላቀሱ ሲተቃቀፉ አንዱ አንድ ቤት፣ ሌላው ሌላ ቤት በልቡ ይዞ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3307 ላይ ዕርቅን ሲተረጉም፣ ሰዎች አንዱ ለሌላው አንዳንድ ነገር እየተወ ያለውን ክርክር የሚጨርሱበት ወይም ሊመጣ ያለውን የሚያስቀሩበት ውል ያደርገዋል። አንቀጽ 3312 ደግሞ ይህ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ የጸና ነው ይላል። «መብቴን ተሳስቼ ነው የተውኩት» ማለት እንኳ አያፈርሰውም። እስቲ ልብ በሉ። ዳኛ ወራት ፈጅቶ፣ ምስክር ሰምቶ በጻፈው ፍርድ ላይ ይግባኝ አለ፤ ከይግባኙም ወዲያ ሰበር አለ። እኛ ግን ይግባኝ የሌለውን ሰነድ በሃያ ደቂቃ፣ በዛለ እጅ፣ ቀጣዩ ባለጉዳይ በር እየከፈተ «አልጨረሳችሁም?» ሲል እንጽፈዋለን። ለክስ ማመልከቻ ሳምንት የሚያነሣ የሚጥል ሰው፣ ነገሩ ሁሉ ለሚቋጭበት ወረቀት አንዲት ምሽት አይሰጠውም።

ለመጠየቅ ስሞክር ደግሞ የሚገጥመኝን ልንገራችሁ። «ቤቱ በስድስት ወር ባይሸጥስ?» እላለሁ። ክፍሉ ዝም ይላል። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። «አሁን ሰላም በወረደበት ሰዓት ለምን ነገር ይቆሰቁሳሉ? ወንድማማች እኮ ናቸው!» ይሉኛል። ዕርቅ አፍራሽ እሆናለሁ። በዚያች ቅጽበት ብዙ ጠበቃ አንገቱን ይደፋል፤ እኔም ደፍቼ አውቃለሁ፤ የዚያች የሦስት ዐረፍተ ነገር ወረቀት ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሰው ታረቀ ተብሎ ሲመረቅ «እባካችሁ የኪራዩን ነገር እንጻፈው» ማለት ለቅሶ ቤት ገብቶ ዕዳ የመጠየቅ ያህል ይከብዳል።

ይህ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም፤ አልንቀውምም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ያሉ ሰዎች ልጆች ነን። ለአባቶቻችን ቃል ከወረቀት ይከብድ ነበር። ነገር ግን የአባቶቻችንን ዕርቅ ያጸናው ቃሉ ብቻ አልነበረም። ዋስ ነበረ። ያስታረቁት ሽማግሌዎች እዚያው ሰፈር ይኖራሉ፤ እሑድ ደጀ ሰላም ላይ፣ በወር አንድ ቀን በዕድር፣ በማኅበር ይገናኛሉ። የተባለውን ያልፈጸመ ሰው «ያ ነገር ከምን ደረሰ?» የሚለው ዓይን አያጣም። ዛሬ ታላቁ ወንድም ጎረቤቱን በስም በማያውቅበት ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ እኅትየው ሜሪላንድ ናት፤ ያስማማቸው ሰው ደግሞ ከነገ ጀምሮ ፊታቸውን አያስታውስም። ዋሱ በሌለበት ዋስ መሆን ያለበት ወረቀቱ ነው። እኛ ግን ዋሱንም ወረቀቱንም ትተን በምርቃቱ ብቻ ወደ ቤት እንሄዳለን።

ስለ ወረቀቱ ይህን ያህል ካልኩ ስለ ዝግጅቱ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ የወረቀቱ ድህነት የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን ቦታ ሰጥቶታል፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237ም የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አሠራር አበጅቷል። ሕጉ መጥቷል፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ አስማሚው ተቀምጧል። ባለጉዳዩ ግን ባዶ እጁን ይመጣል። ለክርክር ቀጠሮ ቢሆን ኖሮ ሦስት ፎልደር ተሸክሞ፣ ዋናውንም ኮፒውንም ይዞ፣ ምስክሮቹን በታክሲ ጭኖ በተገኘ ነበር። ለማስማሚያ ሲሆን «ክርክር አይደል፤ ዕርቅ ነው፤ ምን ይዘጋጁለታል?» ይላል።

ካርታው የት ነው? እቤት። የወራሽነት ማረጋገጫውስ? ታናሹ ጋ። ቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እግድ አለ? «የለም፣ የለም።» በሁለት ቀጠሮ ተለፍቶ ድርሻ ድርሻው ሁሉ ከተደለደለ በኋላ ቤቱ በባንክ ዋስትና መያዙ የተገለጠበት ጉዳይ ገጥሞኛል። ደንበኛዬ ሆን ብሎ አልደበቀም፤ የአባቱን የድሮ ብድር ተከፍሎ ያለቀ መስሎት ነበር። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሄዶ ቢጠይቅ ኖሮ የሁለት ቀጠሮ ልፋት ባልተቃጠለ።

ከሰነዱ የሚብሰው የቁጥሩ ነገር ነው። ከቀጠሮው በፊት ደንበኛዬን «ስንት ቢሰጡህ ትታረቃለህ? ከስንት በታች ከሆነ ትነሣለህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። «ለእኔ ገንዘቡ ምኔም አይደለም፤ ክብሬን ነው የምፈልገው» ይለኛል። አምነዋለሁ። ክብር ትልቅ ነገር ነው፤ ስንት ሙግት በአንዲት «ይቅርታ» ሲበርድ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ያ ሰው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያው ቁጥር ሲጠራ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ለካ ቁጥርም ነበረው። ለራሱ ያልነገረው ቁጥር ነው። ባልተዘጋጀበት ሰዓት የወጣ ቁጥር ደግሞ ወይ በንዴት ሰማይ ይነካል ወይ በይሉኝታ ከመሬት ይወድቃል። በይሉኝታ የወረደው ነው የሚያሳዝነኝ። አንዲት እናት ለሽማግሌዎች ዓይን ስትል ካሰበችው በግማሽ ፈርማ ወጥታ፣ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ «አሁን መቀየር ይቻላል?» አለችኝ። አይቻልም ነበር። «ባንስማማ ምን ይጠብቀኛል? ሙግቱ ስንት ዓመት ይወስዳል፣ ስንት ያስወጣኛል፣ የማሸነፍ ዕድሌስ?» ብላ አስቀድማ አውጥታ አውርዳ ብትመጣ በቁጥሩ ትጸና ነበር። ያን ከእርሷ ጋር ቁጭ ብዬ ማስላት የነበረብኝ ሳምንት ቀደም ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ውክልናው ልምጣ፤ በዚህ ጉዳይ የጠፋው ቀጠሮ ቢደማመር ዓመታት ይሞላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና የሚያስፈልጋቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር ቤት መሸጥንና በፍርድ ቤት መከራከርን ብቻ ሳይሆን መታረቅንም ለይቶ ጠቅሷል። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ስለ ወካዩ መታረቅ አይችልም። በቃ፣ አይችልም። የአክስት ልጅ ግን ማኅተም የበዛበትን ወረቀት ይዞ ይመጣል። አሜሪካ ያለች አንዲት እኅት ከሥራ ቀርታ ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዳለች፤ ወረቀቱ በመንገደኛ ሻንጣ መጥቷል፤ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጧል፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ ልፋት ካለፈ በኋላ ሲነበብ «ስለ እኔ ሆኖ እንዲከሰስ፣ እንዲከስ፣ እንዲከራከር፣ ይግባኝ እንዲል» ይላል። መጣላቱ ሁሉ ተፈቅዷል። «እንዲታረቅ» የምትለዋ አንዲት ቃል የለችም። ቀጠሮው ይሰረዛል፤ እኅትየው እንደገና ፈቃድ ጠይቃ ኤምባሲ ትሄዳለች፤ ወንድማማቾቹም በዚያ ሁለት ወር ውስጥ የሚቀያየሙበት አዲስ ነገር አያጡም። ቅጹን የሚሞላላት ሰው፣ ወይም እኛ ጠበቆች፣ ያችን ቃል ለማስገባት ምን ይሳነናል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹም ነገር ያው ነው። ነገረ ፈጁ በሰዓቱ ይመጣል፣ በጨዋ ደንብ ይቀመጣል፣ ሁሉንም ያዳምጣል። መጨረሻ ላይ «ለበላይ አቀርባለሁ» ይላል። እርሱን አልወቅሰውም፤ የመንግሥት ገንዘብ ላይ «እሺ» ብሎ የፈረመ ሰው ነገ በምን እንደሚጠረጠር ያውቃል። ፈርዶ የሚያስከፍለው ዳኛ ከሆነ ማንም አይጠይቀውም፤ እርሱ ተስማምቶ ግማሹን ካዳነ ግን ይጠየቃል። እንግዲያው የላከው አለቃ «እስከዚህ ድረስ ተስማማ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ አይሰጠውም ወይ? ሌላው ወገን ዘመዶቹን ሰብስቦ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ሥልጣን ከሌለው ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ይውላል።

በእኛ በጠበቆቹም ብዙ አለ። ከሌላ ጉዳይ የተረፈውን ሰነድ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ስም ብቻ የሚቀይር ባልደረባ አለ፤ በአንድ የስምምነት ሰነድ አራተኛ ገጽ ላይ የማናውቃቸው የሌሎች ባልና ሚስት ስም ሳይለወጥ ቀርቶ አግኝተናል። ወደ ማስማሚያው ክፍል ችሎት የገባ መስሎት ንግግር የሚያደርግም አለ። ስለዚህ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የሚሠራው ራሱን ያውቃል።

ቃላቱን ግን ሳላነሣ አላልፍም። «በተቻለ ፍጥነት» የሚባል ቀን የለም። «በአግባቡ»፣ «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «ተገቢውን ክፍያ»፤ እነዚህ ሁሉ ለጊዜው ሰውን አስማምተው በኋላ የሚያጣሉ ቃላት ናቸው። ቀን ሲጻፍ እንኳ እንዝረከረካለን። «እስከ ስድስተኛው ወር መጨረሻ» ተብሎ የተጻፈ ስምምነት ነበር፤ እዚህ ያለው የካቲት ብሎ ቆጠረው፣ አሜሪካ ያለችው ጁን ብላ ቆጠረችው። በመካከል ያለው አራት ወር ገደማ የወለድ ክርክር ሆነ። «ይከፍላል» ይላል ሌላው፤ በእጅ ነው፣ በሂሳብ ቁጥር ነው፣ በሲፒኦ ነው? ሙሉውን ነው ወይስ እየከፋፈለ? አንዱን ወር ቢዘል የቀረው በሙሉ ወዲያው ይጠየቃል ወይስ ይጠበቃል? በዚህ አገር ደግሞ ጊዜ ራሱ ገንዘብ ይበላል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመነዘር ሲለቀቅ፣ ከዚያ በፊት ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ቀን ያልተቆረጠለት፣ መቀጫ ያልተጻፈበት ክፍያ የነበራቸው ሰዎች ያን ክረምት ምን እንደተሰማቸው እኔ ዐውቃለሁ፤ ቢሮዬ መጥተው ተቀምጠው ነበርና። የተቀበሉት ብር ቁጥሩ አልጎደለም። ሊገዙበት ያሰቡት ዕቃ ዋጋው ከፍ ብሎ ነበር።

«ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም» የምትለዋም ብዙ ሰው ታሳስታለች። ሁሉን የምትዘጋ መስላ ትጻፋለች፤ ሕጉ ግን መብትን የመተው ቃል በጠባቡ እንዲተረጎም፣ ዕርቁን ባመጣው ክርክር ላይ ብቻ እንዲወሰን ያደርጋል። ስለዚህ ምን እንደተተወ በስሙ ካልተጠራ አንዱ ሁሉን ዘጋሁ ብሎ ይተኛል፣ ሌላው የቀረኝ አለ ብሎ ይነሣል። ከፍርድ ቤት ውጭ የሚታረቁት ደግሞ ቤት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ሰነዶች ማረጋገጫ ካልተመዘገበ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት እንደማይጸና፣ በጽሑፍ ለሚደረግ ውልም ሁለት ምስክር እንደሚያስፈልግ የሚነግራቸው የለም። ሽማግሌዎቹ ቤት፣ ምሳ ላይ፣ በደብተር ቅጠል ጽፈው ይፈራረማሉ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። የሚወጣው አንደኛው ሲሞት ነው።

ስለ ልጆች የሚጻፈውን ሳስብ ግን ቁጣዬ ወደ ሐዘን ይለወጣል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በስምምነት ሲፋቱ የፍቺውን ውጤት ጭምር ተስማምተው ለፍርድ ቤት እንዲያቀርቡና ዳኛ እንዲያጸድቀው ይፈልጋል። ድስቱና ምንጣፉ ሳይቀር በቁጥር ይጻፋል። የልጁ ነገር ሲደርስ «አባት ልጁን በፈለገ ጊዜ ያያል» ተብሎ ይታለፋል፤ ሁለቱም በዚያ ሰዓት ቸር መሆን ይፈልጋሉና። በፈለገ ጊዜ ማለት መቼ ነው? ማታ በሦስት ሰዓት በር ሲያንኳኳ እናትየው ፈራች። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ሲቀር ልጁ ጫማውን አድርጎ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዋለ። በገናና በጥምቀት ማን ጋ ይሆናል? ክረምት ሲዘጋስ? የትምህርት ቤት ክፍያው ሲጨምር ጭማሪውን ማን ይሸፍናል? ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከእናቱ በር ተረክቦ እዚያው ይመልሳል ብሎ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ያ ልጅ ደረጃው ላይ አይቀመጥም ነበር።

ከዚያች የሦስት ዐረፍተ ነገር ወረቀት ወዲህ ልማድ አበጅቻለሁ። ከቀጠሮው ሳምንት ቀደም ብዬ የስምምነቱን ረቂቅ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ባዶ ትቼ፣ እጽፋለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሞላው ባዶው ብቻ እንዲሆን። ሲፈረም ደግሞ ሁለቱም ወገን በየተራ፣ ጮክ ብለው፣ «ነገ ጠዋት ተነሥቼ የማደርገው ይህን ነው» ብለው እንዲናገሩ እለምናለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል። አስማሚዎችም ሰዓታቸውን ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ግን ባለፈው ወር ይህን ሲያዩ ቆይተው፣ ቀስ ብለው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና «የኪራዩንም ጨምርበት፤ እርሱ ነው የሚያጣላቸው» አሉኝ። እንዴት እንዳቀፍኳቸው!

ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሌላ ቀጠሮ አለኝ። የአራት ወንድማማቾች ሱቅ ነው፤ አንዱ ዱባይ ይሠራል። ዛሬ ማታ በእርሱ ስም ለሚመጣው አጎት ደወልኩ። «ጋሼ፣ ውክልናውን እስቲ ያንብቡልኝ፤ እንዲታረቅ የሚል ቃል አለበት?» አልኳቸው። ወረቀቱ ሲገለባበጥ ሰማሁ። መነጽራቸውን እስኪያገኙም ጠበቅሁ።

«ልጄ፣ ጠቅላላ ነው እኮ የሚለው» አሉኝ። «ሁሉን ነገር ነው የሰጠኝ። አይበቃም?»